የእሜቴ ድምፅ

ሰኞ፣ 4

ዛሬም ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር። ልጄ ከሞተ ወዲህ በራችንን የሚያንኳኳው ወይ አጽናኝ ነው ወይ ገዢ። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ነው። ይኼኛው ጫማውን እየጠረገ "እግዜር ያጥናችሁ" አለኝ፤ ዓይኑ ግን በትከሻዬ ላይ አልፎ ጓሮውን ይፈልጋል። "ያቺ የልጅዎ አሮጌ መኪና አሁንም አለች?" ለሠርግ መኪና የሚያከራይ ሰው ነው። ነጭ አስቀብቶ፣ አበባ አስሮባት፣ የሰው ሙሽራ ሊጭንባት። "አለች፤ አትሸጥም" ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ጣቱ ለጥቂት ተረፈ። ባይተርፍም ግድ አልነበረኝም።

ባሌ ከስፌት ክፍሉ ሆኖ ሰምቷል። "እንዲህ አይደረግም" አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ አፉ መርፌ እንደያዘ ሰው ተዘግቶ የሚውል ነው።

ይህን ደብተር ያመጣችልኝ ታላቋ ልጄ ናት። "እማ፣ እኛ ላይ ከምትጮኺ እዚህ ላይ ጩኺ" አለችኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ እጄም ይዘገያል። ግድ የለም፤ ንዴቴ እስክደርስበት ይጠብቀኛል።

ሐሙስ፣ 7

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ጎረቤቴ እኔን ሳታይ ለባለ ሱቁ ታወራለች። "እነዚህ አሮጌ መኪኖች እኮ ናቸው ሰው የሚጨርሱት። ያ ልጅ ስንቴ ተመከረ።"

"ማን ነው የመከረው? አንቺ ነሽ?" አልኳት።

ደነገጠች። "ኧረ እኔ እንዲያው..."

"ልጄን የገደለው የመሥሪያ ቤቱ አዲስ መኪና ነው። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም ነበር። የነዳውም ሌላ ሰው ነው። አሮጊቷ በዚያ ቀን እኛ ጓሮ ቆማ ነበር፤ ምንም አላደረገችም። ስሟን አታጥፊ!"

ዳቦውን ሳልይዝ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ራሴን ታዘብኩት። የመኪና ስም ጠፋ ብዬ ከሰው ተጣላሁ።

እሑድ፣ 10

ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቀስ ብዬ ልጽፍ።

ትናንት አስነሳኋት። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር የሚያስነሳት፤ እኔም ቅዳሜን ያዝኩ። "እሜቴ" ብሎ የሰየማት እሱ ነው። አረንጓዴ ናት፣ ክብ ባውዛ ያላት፣ በዕድሜ እሱን የምትበልጥ። "ታላቄ ስለሆነች አንቱ ነው የምላት" እያለ ይቀልድ ነበር።

መንዳት አልችልም። ማስነሳት ግን ማንም ሳያስተምረኝ ተምሬያለሁ። የወጥ ቤቱ መስኮት ጓሮውን ያያል፤ ዕቃ እያጠብኩ ስንት ዓመት አየሁት። መጀመሪያ ኮፈኑን ይከፍታል። የዘይቱን መለኪያ ስቦ በጨርቅ ይጠርጋል፤ መልሶ ይከተዋል፤ እንደገና ስቦ እንደ ሐኪም ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ከዚያ ይገባና ሾኩን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚሳበውን፣ ይስባል፣ ቤንዚኑን ረገጥ ረገጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቁም ነገሩ ያቺ ዝምታ ናት። የቸኮለ ቶሎ ቁልፍ ያዞርና እሷም ትን ብሏት ትቀራለች። ልጄ ለሰው ትዕግሥት አልነበረውም፤ በእኔ ነው የወጣው። ለእሷ ግን ነበረው።

እኔም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ እንዲሁ አደረግሁ። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣ ከዚያ ያዘች። መሪው በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ድምፅዋን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ያጉረመርማል፤ ከቀን እንቅልፉ የቀሰቀሱት ሽማግሌ እንደሚያጉረመርም፤ መሐል መሐል ላይ ቱፍ ቱፍ ይላል። የቆዳው ወንበር ይሸታል፤ ቤንዚኑ ይሸታል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ የተቃጠለ አቧራ ይመጣል። ሾኩን ቀስ እያልኩ መለስኩት፤ እሷም ቀስ እያለች ተረጋጋች። ይህን ያደረገው የእኔ እጅ ነው። ልጄ ከሄደበት ቀን ወዲህ እጄ የነካው ሁሉ ወይ ይፈስሳል ወይ ይሰበራል። እሷ ግን እሺ አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም በራሴ ተናደድኩ።

ባሌ ግን! ገና ቁልፉን ከማዞሬ ከስፌቱ ተነስቶ ወደ ውጪው በር ሲጣደፍ አየሁት። መኪናዋ ያለችው ጓሮ፤ በሩ ጋ ምን ይሠራል? ሽሽት ነው። ከልጁ ዕቃ ይሸሻል። እዚያ ቆሞ ቆሞ ሲመለስ ፊቱን እንኳ አላሳየኝም።

ማክሰኞ፣ 12

የጥርስ ሳሙና አለቀ። የፊተኛውን ፓራውልት፣ የግጭት መከላከያውን ብረት፣ ወለወልኩበት፤ ፊቴን እስኪያሳየኝ። ልጄም እንዲሁ ሲያደርግ "በዚህ ቤት ጥርስ ያላት መኪና ብቻ ናት ወይ?" ብዬ እጮህበት ነበር። ባሌ ዛሬ ባዶውን ቱቦ አይቶ በጨው ታጠበ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ 16

የግራውን በር ጀመርኩት። ልጄ አሮጌውን ቀለም ልጦ፣ ግራጫውን የስር ቀለም ቀብቶ፣ ሳይጨርሰው ነው የሄደው። ብርጭቆ ወረቀቱ በባልዲው ውስጥ እንዳለ ነበር። ውኃ ውስጥ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። እንደ ልብስ እጥበት ነው፤ በጉልበት ሳይሆን በመመላለስ። በመሐሉ ዓይንን ጨፍኖ በጣት መዳሰስ ነው። ዓይን ደህና ነው ያለውን ጣት ይይዘዋል። አንዲት ጉብታ አገኘሁ፤ እስክትጠፋ ድረስ ታገልኳት፤ ቀና ስል ጀርባዬ እምቢ አለ፤ ቀኑ ግን ሄዶልኛል። ለቅሶ ሳይኖርበት የሄደልኝ ቀን ይኼ ነው።

ጠዋት አስነስቻትም ነበር። ባሌ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ኮት እያሳየኝ "እይው እስቲ" አለኝ። እጅጌውን ገልብጦ ሰፍቶታል። በዚህ ሥራ ሸምግሎ እንዲህ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። "አርጅተሃል" አልኩት። "ይሆናል" አለ፤ መፍታት ጀመረ።

ሰኞ፣ 18

ዝናቡ ገባ። ጓሮው ጣሪያ የለውም። የልጄን ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ አንስቼ አለበስኳት፤ በላዩ ትልቁን ፕላስቲክ፤ ከዚያ በገመድ ዙሪያዋን ጥብቅ አድርጌ አሰርኳት። ነፋስ እንኳ አይገባባትም። አሁን ይዝነብ እንግዲህ፣ እንደፈለገ!

ረቡዕ፣ 20

ታላቋ ልጄ መጥታ ከኋላ ክፍል ስልክ ታወራለች። የማልሰማ መስሏት። "እማዬ እኮ ሁለተኛ ባል አግብታለች። አዎ፣ አረንጓዴው! ብርድ ልብስ አልብሳው ነው የምታድረው።" ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተበላሸ፤ ለረጅም ጊዜ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

ልቆጣት ገብቼ ነበር። ሻይ ትፈልጊያለሽ ብዬ ወጣሁ።

እሑድ፣ 24

ዛሬ ባሌ የልቡን አወጣው። ምሳ ላይ፣ ልጃችን ባለችበት። "የሠርጉን ሰውዬ አነጋግሬዋለሁ" አለ።

"ምን ብለህ?"

"ይውሰዳት ብዬ።"

"እኔን ሳትጠይቅ?"

"ብጠይቅሽ ምን ትያለሽ?"

"እምቢ እላለሁ!"

"አየሽ" አለ፤ ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ።

ሳህኔን ገፋሁት። "ልትረሳው ነው የምትፈልገው። ልብሱን ለሰው ሰጠህ፣ ዝም አልኩ። አልጋውን ላውጣ ስትል ዝም አልኩ። ቆይ፣ ምኑ ነው የከበደህ? አትበላ፣ አትጠጣ፣ ጓሮ የቆመች ብረት ናት!"

"ዝም ብትልማ መች ከበደኝ" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ምንም።"

ታላቋ ልጄ "እማ፣ ተዪው" አለችኝ። እሱን ሳይሆን እኔን! ሁልጊዜ እኔ ነኝ መተው ያለብኝ። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። በመስኮቱ የሚታየው ፕላስቲኩ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ይመታዋል።

ሐሙስ፣ 28

ዝናብ። ሳላስነሳት ቀረሁ። ጉልበቴ ያመኛል። ሁሉም ያመኛል።

ዓርብ፣ 29

ፀሐይ ወጣች ብዬ ገመዱን ፈታሁ። ፕላስቲኩን ስገፍፍ ከውስጥ ትኩስ እንፋሎት ወጣ፣ እንደ ድስት። ብርድ ልብሱ ረጥቦ ይጨመቃል፤ ሻጋታ ይሸታል። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ቀለሙ ኩፍኝ እንደወጣበት ልጅ ፊት ችፍ ችፍ ብሏል። አንዷን በጥፍሬ ነካኋት፤ ከስር ቡናማ ዝገት። ያ ያሸሁት በር፣ እንደ ልጅ ጉንጭ ያለሰለስኩት፣ ከላይ እስከ ታች ዝጓል።

ጮህኩ። ባሌ እየሮጠ መጣ። "አንተ ነህ! ገመዱን ፈትተህ ውኃ አስገባህባት! እንድትበሰብስና እንድትሸጥ ነው!" አልኩት። መቀሱን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። ብርድ ልብሱን አየ። አንስቶ ሽቦው ላይ አሰጣው፤ ጫፍና ጫፉን እያስተካከለ።

ጥፋተኛ ካልሆነ ለምን አይመልስም?

ሰኞ፣ 2፣ ሌላ ወር

የጋራዡ ሰውዬ መጣ። ሰፈሩ "ነገ" ነው የሚለው፤ መቼ ትመጣለህ ሲሉት ሌላ መልስ ስለማያውቅ። ልጄ ብቻ ነበር ሳይሰድበው የሚጠብቀው። ዙሪያዋን ዞሮ አያትና ከንፈሩን መጠጠ።

"ፕላስቲክ ያለበሳት ማን ነው?"

"ምነው?" አልኩ።

"ላብ ነዋ እማማ! ብረት አፍነው ሲያስሩት ያልበዋል። ሜዳ ላይ ዝናብ ቢመታት ነፋስ ያደርቃት ነበር። ይኼን ያደረገ ሰው መኪና ሳይሆን አራስ ነው የመሰለው።"

ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። አላየሁትም ነበር። "አባቱ ነው" ብዬ ወረወርኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያየሁት።

"ነገ" ዘወር አለ። "አባባ፣ እርስዎ ኖት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ ባሌ። "ይበርዳታል ብዬ።"

"ለኮት እንጂ ለመኪና ገበር አይደረግም እኮ!" አለና ሳቀበት። ባሌም ፈገግ አለ። እኔ ባልዲውን ይዤ ገባሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳለ አላውቅም። ማን ጠየቀው? ራት ላይ ትልቁን ቁራሽ ለእሱ አደረግሁ፤ እሱ ደግሞ ቆርሶ መለሰልኝ። ተናድጄ በላሁት።

ሐሙስ፣ 5

የሠርጉ ሰው እሑድ ይመጣል። ዝገቱ ግድ የለም፣ ያው ነጭ ይቀባል ብሏል። ሞተሯን መስማት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቁልፉ የት ነው አለኝ ባሌ። ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ። ይፈልግ።

ቅዳሜ፣ 7

ኮፈኑን ሳልከፍት፣ ዘይቱን ሳላይ፣ በንዴት ገብቼ አስነሳኋት። እሑድ ከሄደች ይህች የመጨረሻዬ ናት ብዬ። ቤንዚኑን ረገጥኩት፤ ሰፈሩ ይስማ ብዬ። ባሌ ከቤት ወጣ፤ አሁን ግን ወደ በሩ አልሄደም። ወደ እኔ መጣና በመስኮቷ በኩል እጁን አስገብቶ ቁልፉን አጠፋው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አትራሪም?"

"ለማን?"

"ባስነሳሻት ቁጥር ልጄ መጣ እላለሁ።" የመኪናዋን በር ተደገፈ። "አውቃለሁ፤ ጓሮ እንዳለሽ አውቃለሁ። እግሬ ግን አያውቅም። ሄዶ በሩን ይከፍታል። መንገዱን አያለሁ። ማንም የለም። ከዚያ እዘጋዋለሁ። በየሳምንቱ እኮ ነው የምትቀብሪብኝ።"

ሰበብ ነው አልኩት። ሰው ድምፅ ሰምቶ እንዲህ አይሆንም፣ እኔም እናቱ ነኝ፣ እኔ ለምን አልሆንም አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ። አልጽፈውም።

እሑድ፣ 8

ጠዋት "ሰውዬው ሳይመጣ ትሙቅ፤ እንዳታሳፍረን" አለ። ቁልፉን ከሻሼ ፈትቼ ወረወርኩለት። ደረቱን መታው። "ራስህ አስነሳት። እኔ በእጄ አልሸጣትም።" ወጥ ቤት ገብቼ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ዕቃ ማጠብ ያዝኩ። ሆን ብዬ፣ እንዳላይ።

እስከ ዛሬ ልጄ በሕይወት በነበረበት ጊዜ ካልሆነ በቀር ከውጪ ሆኜ ሰምቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ውስጧ ነኝ፤ ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ያውቃል።

ሳለች። ደግማ ሳለች። ያዘች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ብርጭቆ ይዤ እንደነበር አውቃለሁ። ምሳው እንዳልደረሰ፣ ልጄ እርቦት እንደሚመጣ አስቤያለሁ፤ ይህን በእርግጥ አስቤያለሁ። ወደ ልቤ ስመለስ ውጪው በር ላይ ነኝ። የእጄ ሳሙና መቀርቀሪያው ላይ ይንጠባጠባል። በሩን ከፍቼዋለሁ።

የሠርጉ ሰው ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ቆሟል። "እናቴ!" አለ ደስ ብሎት። "እየጠበቁኝ ነበር?"

"አንተን አይደለም" አልኩት።

ባሌ ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። እጄን አየ። እኔ እሱን ማየት አቃተኝ። ትከሻዬን አልፎ ለሰውዬው "ወንድሜ፣ ዛሬ አይሆንልንም፤ አትቀየመን" አለና በሩን ራሱ ዘጋው። ሁለታችንም ወደ ቤት አልገባንም። በሩን ተደግፈን፣ ጎን ለጎን፣ ሥራ እንደሌለው ዘበኛ ቆምን።

"ስንት ጊዜ?" አልኩት በመጨረሻ።

"ተዪው" አለ።

ረቡዕ፣ 11

ጋራዥ ሄድኩ። "ነገ" መኪና ስር ተኝቷል፤ እግሩን ነው ያናገርኩት።

"የእሜቴ ድምፅ ይለወጣል ወይ?"

ተንፏቆ ወጣ። "ማርሚታዋ ነው እኮ እማማ፤ የጭስ መውጫው። ተበስቷል። አዲስ ከገባላት ድመት ትሆናለች። ልጅዎን ስንቴ ለምኜዋለሁ! ሁሉን ንካ፣ ድምፅዋን ግን አትንካብኝ ነው የሚለኝ።"

"አትንካብኝ አለ?"

"እሺ ብሎኝ አያውቅም።"

ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ልጄ እንዳይነካ ያለው አንድ ነገር ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ የቀረው የሚሰማ ነገርም እሱው ነው። ለማን ብዬ ነው የማስወጣው? ለአንድ ልብስ ሰፊ! ባይተወኝና እሸጣታለሁ ቢል ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እጠላው ነበር፣ ይለቅልኝ ነበር። አሁን ማንን ልጥላ? ልጄን ጠላሁት። አዎ፣ መንገድ መሐል ቆሜ ልጄን ጠላሁት። ያን ቀን በእሷ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በቀስታዋ ይደርስ ነበር። ሰው አዲስ ነገር ሲያይ ነው የሚሳፈረው።

ተመለስኩ። "አዲሱን አስገባላት" አልኩት።

"እሺ፣ ነገ።"

"ነገ ብትለኝ በዚህ ክሪክ ነው የምልህ!"

ማክሰኞ፣ 17

አልመጣም። በእርግጥ አልመጣም።

ቅዳሜ፣ 21

መጣ። ስሯ ገብቶ ሲያንኳኳ፣ ሲራገም፣ ሲያፏጭ ቆየ። አሮጌውን አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣለው፤ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። "ይቀመጥ?" አለኝ። "ይዘህ ሂድ፤ አታሳየኝ" አልኩት። ታላቋ ልጄ መጥታ ነበር፤ እጄን ልትይዘኝ ሞከረች፤ አስጣልኳት።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱን ስቤ ጠረግሁ፣ አየሁ። ገባሁ፣ ሾኩን ሳብኩ፣ ረገጥ ረገጥ አደረግሁ፣ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። አዞርኩ። ወዲያው ያዘች። ለስላሳ ድምፅ ነው። የማንም መኪና ድምፅ። መንገድ ላይ ቢያልፍ ዞሬ አላየውም።

ሞተሩን እንደሠራ ትቼ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄድኩ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ይተክላል። ቀና አላለም። መርፌው አልቆመም።

"አልሰማህም?" አልኩት።

መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየኝ። "ምኑን?"

የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ጥርሴን ነክሼ የመጣሁበት ይህ ነበር። እንዲህ ተናድጄ ግን አላውቅም። መቀሱን፣ ክሩን፣ ሜትሩን ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ብጠርገው ደስ ባለኝ።

"ምንም" አልኩት። "ሥራህን ሥራ።"

ተመልሼ ገባሁባት። አሁን ለማንም በር አታስከፍትም። እኔንም አታታልለኝም። አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፤ ለስላሳ ስለሆነች የእኔ ድምፅ በለጣት። ሲወጣልኝ እግሬን ወደ ፍሬኑ ሰደድኩት። እንደ ሁልጊዜው ጫፍ ላይ ካልተንጠለጠልኩ አይደርስም። ወንበሩ በልጄ ቁመት ልክ ነው፤ ረጅም ነበር፤ እስከ ዛሬ ማንም አላንቀሳቀሰውም። ከስር ያለችውን ዘንግ ፈልጌ ያዝኩና ሳብኩ። እምቢ አለኝ። ዝጓል። ሰደብኩት፤ ወንበሩን ሰደብኩት፣ ቀጥሎ የሠራውን፣ ቀጥሎ ልጄን፣ ቀጥሎ አባቱን፣ መጨረሻ ራሴን። ሁለት እጄን አድርጌ ሳብኩት።

ወንበሩ ተንቋቅቶ ወደ ፊት መጣ። ፍሬኑ እግሬ ስር ገባ።